ይምርሐነ ክርስቶስ፦ አሥራ አንድ ጊዜ ከደጅ፣ አንድ ጊዜ ከውስጥ

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ደሴ ሸዋ በር ተወልጄ እዚያው ያደግሁ ሰው ነኝ። አንዲት አሮጌ ዶልፊን አለችኝ። ቱሪስት ሲኖር ቱሪስት፣ ቱሪስት ሲጠፋ ሠርግ፣ ሠርግ ሲጠፋ ለቅሶ አመላልስባታለሁ።

በእሷ እንግዳ ጭኜ ይምርሐነ ክርስቶስ አሥራ አንድ ጊዜ ደርሻለሁ። ቆጥሬዋለሁ። አንድም ቀን ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። እንግዶቹ ዳገቱን ሲያያዙት እኔ ጥላ ፈልጌ፣ ምንጣፌን አንጥፌ ጋደም እላለሁ። "አንተስ አትመጣም?" ሲሉኝ መልሴ ያው ነው። "ጉልበቴን ያመኛል።" ጉልበቴ ምንም አላለኝ። አጥንቱን ፈርቼ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ይምርሐነ ክርስቶስ ላስታ ውስጥ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠሪው ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደሆነ ይነገራል። መቃብሩም እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ደግሞ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የብዙ ሰው አስከሬን አለ። አፈር ያልለበሰ። እንዲያው እንደተኛ።

እንግዶቼ ሲመለሱ ፊታቸውን አያለሁ። ግማሹ እስከ ላሊበላ ድረስ ቃል አይወጣውም። ግማሹ ገና በሩን ሳይዘጋ ስልኩን አውጥቶ የራስ ቅል ያሳየኛል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ በመቃብር አጠገብ ሳልፍ ዓይኔን ጨፍኜ የምሮጥ ነበርኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፤ ጠባዩ አልለቀቀኝም።

ዘንድሮ ግን ማምለጫ አጣሁ። ያስገቡኝ አክስቴ ናቸው።

እናቴ የላስታ ሰው ናት። አባቴን ስታገባ ሰለመች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ በክርስትናቸው ኖሩ። እኔ ሙስሊም፣ አክስቴ ክርስቲያን። ወሎ ነው፤ ይህን ሳብራራ ጊዜያችሁን አልፈጅም። የአክስቴ ልጅ ደብሊን ትኖራለች፣ አየርላንድ። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለዕረፍት መጣችና እናቷን "የት ልውሰድሽ?" አለቻቸው። ዱባይ፣ ምናምን እንዲሏት ጠብቃ ነበር መሰለኝ። አክስቴ ግን "ይምርሐነ ክርስቶስን ሳልሳለም አልሞትም" አሉ። ሹፌሩ ማን ይሆናል? እኔ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የሄድነው፣ ጾመ ነቢያት ገብቶ። ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርጎ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከወልድያ በቻይና መንገድ ወደ ጋሸና ትወጣላችሁ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ትታጠፋላችሁ። አደራችሁን፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። እኔ በየከተማው የማውቀው ሹፌር ጋ እየደወልኩ ነው የምንቀሳቀሰው። ላሊበላ አደርን። ሆቴሉ "ሙቅ ውሃ አለ" ብሎ አስገባን፤ የወጣልን ውሃ ግን የአቡነ ዮሴፍን ጫፍ ነክቶ የመጣ ይመስል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ፍራሹ ጥሩ ነው።

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ሰምታችሁ "ቅርብ ነው" እንዳትሉ። አብዛኛው ኮረኮንች ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ባትሞክሩት ይሻላል። ሐምሌ ላይ አንዴ ጭቃው ውስጥ ገብቼ በበሬ ነው የወጣሁት።

የመንገዱን ርዝመት ያስረሳን የልጅቷ ወሬ ነው። ልክ ከላሊበላ ስንወጣ ጀመረች።

"ጋሼ፣ እኔኮ የሰው አገር መቃብር ገብቼ፣ የአገሬን አላየሁም።"

"የማንን መቃብር?" አሉ አክስቴ ከኋላ።

"ስማቸው አይታወቅም፣ እማ። በጣም የድሮ ሰዎች ናቸው።"

ቦታው ኒውግሬንጅ ይባላል። ከደብሊን ሰሜን፣ ቦይን የሚባል ወንዝ ዳር ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው። ከግብፅ ፒራሚዶች ይቀድማል አለችን። ከውጭ ሲታይ ሣር የለበሰ ትልቅ ክብ ጉብታ ነው። ዙሪያውን 97 ግዙፍ ድንጋዮች ታጥቆታል። አንዳንዶቹ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ተቀርጿል፣ እንደ ቀንድ አውጣ። እዚያ አገር ፊደል ከመኖሩ በፊት ነው።

እኔን የገረመኝ አገባቡ ነው። በራስህ መኪና ደጁ ድረስ መሄድ የለም። መጀመሪያ የጎብኚዎች ማእከል ትሄዳለህ። ከዚያ የእነሱ አውቶቡስ ይወስድሃል። በር ላይ በጥቂት በጥቂቱ ከፍለው ያስገባሉ። ውስጥ ፎቶ የለም። አስጎብኚ ሳይኖር መግባትም የለም።

መተላለፊያው 19 ሜትር ነው፣ በትልልቅ ድንጋዮች መሃል። አንዳንዱ ቦታ ጎንበስ ማለት፣ አንዳንዱ ቦታ በጎን መሄድ ያስፈልጋል። መጨረሻው ላይ ክፍሉ ይገኛል። ግራ፣ ቀኝና ፊት ለፊት ሦስት ጓዳ አለው። ከላይ ቢያዩት የመስቀል ቅርጽ ነው።

"መስቀል?" አሉ አክስቴ። "ከጌታ መወለድ በፊት?"

"ቅርጹ ነው፣ እማ።"

"ቅርጹን ማን አሳያቸው ታዲያ?"

ልጅቷ መልስ አልነበራትም። እኔም ፍሬን ያዝኩ፤ በግ እየተሻገረ ነበር።

ጣሪያው ደግሞ 6 ሜትር ከፍታ አለው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደራረበ ወደ ውስጥ እየጠበበ ነው የተዘጋው። 5,000 ዓመት ዝናብ አላስገባም። ይህን ስሰማ ቤቴ ትዝ አለኝ። የኔ ቆርቆሮ ሦስተኛ ክረምቱ ላይ ነው ማንጠባጠብ የጀመረው፣ ያውም ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው መትቶት።

ዋናው ነገር ግን ፀሐዩ ነው። ከበሩ በላይ ትንሽ መስኮት የመሰለ ቀዳዳ አለ። በዓመቱ አጭሩ ቀን፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 21፣ ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ በመተላለፊያው ሄዶ ክፍሉ ውስጥ ይደርሳል። 17 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ይወጣል።

"ዲሴምበር 21 በኛ ስንት ነው?" አሉ አክስቴ።

ስልኳን አየች። "ታኅሣሥ 12።"

"ሚካኤል!" አሉ አክስቴ፣ እንዳሸነፈ ሰው።

የዚያን ቀን ጧት ለመግባት በዕጣ ነው። ዓለም ሁሉ ይመዘገባል፣ የሚደርሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ዕጣ ደርሶህ ሄደህ ሰማዩ ደመና ከሆነ አለቀ።  ለእሷ ዕጣው አልወጣም። በተራ ቀን ነው የገባችው። አስጎብኚዋ መብራት አጠፋች፣ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፣ ከዚያ ፀሐዩን በአምፖል አስመስላ አሳየቻቸው። "አምፖል እንደሆነ እያወቅሁ ፀጉሬ ቆመ" አለች።

ደግሞ እንዴት ተገኘ መሰላችሁ? በ1699 የመሬቱ ባለቤት ሠራተኞች ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲለቅሙ ነው በሩ ላይ የወደቁት። ለመንገድ! ሹፌር ሆኜ ይህ ነገር ደስ አለኝ። የፀሐዩ ነገር ግን እስከ 1967 ድረስ በሳይንስ አልታወቀም። የአካባቢው ሰው "ፀሐይ ይገባበታል" እያለ ያወራ ነበር። ማይክል ኦኬሊ የሚባሉ ፕሮፌሰር ቦታውን ሲቆፍሩ ወሬውን ሰምተው፣ በዚያ ቀን ጧት ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ገባ። አዩት።

"ውስጡ ስንት ሰው ተገኘ?" አሉ አክስቴ።

"የአምስት ሰው አጥንት ይላሉ። የተቃጠለም፣ ያልተቃጠለም።"

አክስቴ ጥቂት አሰቡ። "ለአምስት ሰው ያን ሁሉ ድንጋይ! የኛዎቹ ስንቱ ሆነው ባንድ ዋሻ ተጠጋግተው ተኙ።"

ቢልባላን ያለፍነው እንዲህ እየተጫወትን ነው።

መኪና ማቆሚያው ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል። እኔ በልማዴ ምንጣፌን ላወጣ ወደ ኋላ ስዞር አክስቴ ክንዴን ያዙኝ። "አንተ ልጅ፣ እኔ በማን ተደግፌ ልወጣ ነው?" በቅሎ አለ አልኳቸው። እውነትም አለ፤ ልጆቹ መኪና ሲያዩ በቅሏቸውን እየሳቡ ይመጣሉ። ዋጋውን ሳትወጡ በፊት ቁርጥ አድርጉ፣ መውረጃውንም ጨምራችሁ። "በቅሎዋ አትመክረኝም፣ አንተ ና" አሉ። ሌላ ምን ልበል? ስልኬን አየሁ፣ ባትሪው 4 በመቶ ነው። መንገድ ላይ ዘፈን ስከፍትበት ነው የመጣሁት። ባትሪ መብራት አልያዝኩም። እግሬ ላይ ክፍት ጫማ፣ ኪሴ ውስጥ ሽምብራ ቆሎ። እንዲህ ሆኜ ነው የሄድኩት፤ እናንተ እንዲህ አትሂዱ።

የመግቢያ ክፍያ አለ። የላሊበላው ቲኬት እዚህ አይሠራም። ዓለም የመዘገባቸው፣ በፈረንጅ 1978 ዩኔስኮ የያዛቸው፣ ላሊበላ ያሉት አሥራ አንዱ ናቸው። ይህኛው የብቻው ነው። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ዳገቱ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በአክስቴ እርምጃ ግን አርባ። ደን ውስጥ ነው የሚኬደው። ጽድ፣ ጽድ፣ አሁንም ጽድ። አንዳንዱ ግንድ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ሽታውን መኪናዬ ውስጥ ከማንጠለጥለው ጋር ሳነጻጽረው አፈርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ከዚህ ሥር ተኝቼ ሽታው አንድም ቀን አፍንጫዬ አልገባም።

ከላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ግንብ ነው። የዋሻውን አፍ ዘግቶ የቆመ፣ በኋላ ዘመን የተሠራ። እውነቱን ለመናገር አያምርም። ለጥበቃ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እንግዳ ሆኜ ብመጣ "ለዚህ ነው የወጣሁት?" እል ነበር። ታግሳችሁ በሩን እለፉ።

ከውስጥ ሌላ ዓለም ነው።

ዋሻው ሰፊ ነው። ጣሪያው ጥቁር አለት። በሱ ሥር ነጭና ጥቁር ሆኖ የተዘረጋ ቤት ቆሟል። አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ እንደገና ኖራ፣ እንደገና እንጨት። የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። ልጅቷ "ኬክ ይመስላል" አለች። አክስቴ ገሠጿት። እኔ ግን በልቤ ልክ ናት አልኩ። መስኮቶቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። መስቀል ያለበት አለ፣ ጥልፍ የመሰለ አለ። አናጢ ወንድም አለኝ፤ እሱ ቢያይ ለሰዓት ከዚያ አይነቃነቅም ነበር።

ቄሰ ገበዙ ቁልፍ ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ጫማ አወለቅን። ጫማ ማውለቅ ለኔ አዲስ አይደለም፤ አክስቴ ከእኔ ይልቅ ከማሰሪያቸው ጋር ታገሉ። ቄሱ አንገቴ ላይ ያለውን ሽርጥ አዩና "ከየት ነህ?" አሉኝ። "ከደሴ፣ አባ።" "እንኳን ደህና መጣህ" አሉ፣ በዚሁ አለቀ።

ውስጡ ጨለም ይላል። ጧፍ አበሩ። ጣሪያው ሁሉ እንጨት ነው፣ በቅርጽና በቀለም ያጌጠ። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፣ በአገራችን ካሉት የቆዩ ሥዕሎች ውስጥ የሚቆጠር። ጢስና ዘመን አደብዝዞታል። ጧፉ ሲጠጋ ዓይን ይወጣል፣ ሲርቅ ይጠፋል። ከወለሉ ሥር ውሃ እንዳለ ቄሱ ነገሩን። ረግረግ ላይ እንጨት ተነጥፎ፣ በዚያ ላይ ነው የቆመው። እንጨቱ ከግብፅ፣ ዕብነ በረዱ ከኢየሩሳሌም እንደመጣ ይነገራል። ይምርሐነ ክርስቶስ ማለት "ክርስቶስ ይምራን" ነው፤ ንጉሡ ንግሥናን ከቅስና ጋር አንድ ላይ ይዞ ነበር አሉን። ይህን ሁሉ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ይህን ወደድኩት።

አለመውደዴን ደግሞ ልንገራችሁ። ከላሊበላ አስጎብኚ ይዘን ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ልጅ ነው፣ ይማራል። አፉ አያርፍም። ቄሱ ከሚሉት ግማሹን ያፈርሳል፣ ግማሹን ይጨምርበታል። አንዴ ይህ ቤት "4,000 ዓመት" ነው አለ። አክስቴ "ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በክርስቶስ ስም ተሠራ?" አሉት። ትንሽ አፈረ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግን እንደገና ጀመረ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የንጉሡ መቃብር አለ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። አክስቴ ተንበርክከው ተሳለሙ። ብዙ ቆዩ። ልጅቷ ልታነሳቸው ስትጠጋ ቄሱ በእጃቸው "ተያቸው" አሏት። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እናቴ በልጅነቷ እዚህ መጥታ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞርን።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የማንም ብሮሹር ይነግራችኋል። የፈራሁት ቦታ እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዋሻው ዝቅ እያለ ይጨልማል። አየሩ ደረቅ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ስልኬ ሞቷል። የቄሱ ጧፍ ከፊት፣ የልጅቷ ስልክ መሃል፣ እኔ መጨረሻ። በባዶ እግሬ አንድ ትንሽ ጠንካራ ክብ ነገር ረገጥኩ። ቆምኩ። ደሜ ቀጥ አለ። ጥርስ ነው! የሰው ጥርስ ረገጥኩ! ድምፅ አውጥቼ እንዳልጮህ አፌን በሽርጤ ያዝኩ። ልጅቷ "ምን ሆንክ ጋሼ?" ብላ ስልኳን ወደ እግሬ አዞረች። ሽምብራ ነው። የኪሴ ቀዳዳ። ከበሩ ጀምሮ ስዘራ ነው የመጣሁት። አክስቴ በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ቄሱ እንኳ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንድ በአንድ ለቅሜ ነው የወጣሁት።

ፍርሃቴ በዚያ ሳቅ ወጣ መሰለኝ። ቀና ስል አየኋቸው።

ብዙ ናቸው። አንዱ በአንዱ ላይ፣ አንዱ ካንዱ ጎን። አንዳንዱ አጥንት ብቻ ነው። አንዳንዱ ቆዳው ደርቆ ከአጥንቱ ጋር ቀርቷል። የእግር ጣት እስከ ጥፍሩ የሚታይበት አለ። በሰሌን ተጠቅልለው፣ በገመድ ታስረው የተቀመጡ አሉ። ሰሌኑ ነው ልቤን የነካው። አክስቴ ወዲያው ነው ያወቁት። "አያቴን የቀበርነው በዚህ ነው" አሉ። እኔ የጠበቅሁት ፊልም ላይ እንደሚታየው ዓይነት ነገር ነበር። ያየሁት ግን ሰው ነው። ሰው አጥቦ፣ ሰው ጠቅልሎ፣ ሰው አስሮ ያስቀመጠው ሰው።

ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከኢየሩሳሌም ድረስ ሊሳለሙ የመጡ፣ እዚሁ መሞትን የመረጡ ናቸው ይባላል። ልጅቷ "ያን ሁሉ መንገድ በእግር?" አለች። እኔ ከወልድያ ጋሸና ስወጣ የማማርረው ትዝ አለኝ።

በኛ ደንብ መቃብር ሲያልፉ ለሙታን ሰላምታ ይሰጣል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "አሰላሙ ዓለይኩም" አልኩ፣ ቀስ ብዬ። አስጎብኚው ዞር ብሎ አየኝ። ቄሱም ሰሙ። ቆጣ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። "በኛ ነፍስ ይማር ነው" አሉኝ። "ነፍስ ይማር" አልኩ ደግሜ። እሳቸው ጧፉን ትንሽ ከፍ አደረጉልኝ።

ልጁ አስጎብኚ ይህን ጊዜ ነው ያበላሸው። የያዘውን ዘንግ ዘርግቶ አንዱን የራስ ቅል ነካ አደረገ፣ ወደ ብርሃን ሊያዞርልን። "ፎቶ አንሱ፣ እዚህ ጋ ጥሩ ነው" አለ። ልጅቷ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ቄሱ አልጮሁም። ዘንጉን ከእጁ ወሰዱና በመቋሚያቸው ጎን ያዙት። እስክንወጣ አልመለሱለትም።

ስንወርድ ልጅቷ ጉዳዩን አነሳችው። አየርላንድ ያሉት፣ አጥንቱ ከወጣ በኋላ እንኳ፣ ባዶ ድንጋይ ሊያሳዩ ያን ሁሉ ሥርዓት ሠርተዋል። ቁጥር አለው፣ አውቶቡስ አለው፣ ፎቶ የለም። እኛ ዘንድ ሰዎቹ ራሳቸው አሉ፣ በእነሱና በጎብኚው መሃል ያለው ግን የአንድ ቄስ ዓይን ብቻ ነው። እኔ በዚህ ተስማማሁ። አክስቴ አልተስማሙም። "የኛው ይሻላል" አሉ። "እዚያ አምፖል ነው የሚያበሩልሽ። እዚህ ጧፍ ነው።" ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን አሁንም ከሁለቱም አሳብ መሃል ነኝ። ጧፉ ይቅር አልልም። ሰው በዘንግ ሙት የሚቆሰቁስበት ቦታ እንዳይሆን ግን አንድ ነገር መደረግ አለበት። ቢያንስ ጎብኚ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ከኋላ ያለው ቦታ ፎቶ ይከልከል። ስለ ቦታው የሚያስረዳ ሰሌዳ ከበሩ ላይ ይቁም፤ እኔ አላየሁም። እንዲያ ከሆነ አስጎብኚውም የራሱን ቁጥር አይፈጥርም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለቦታው ከአምስት አምስት። ለቄሰ ገበዙ አምስት፣ ቢቻል ስድስት። ለመንገዱ ሁለት፣ እሱም ላለመናደድ ብዬ። ለአስጎብኚው አንድ፣ ለጨዋ ልብሱ። በቅሎዋን አልተቀመጥኩባትም፣ ፊቷ ግን ጥሩ ነበር።

ሌላ የሚጠቅም ነገር። ጧት ሂዱ። ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣ ነው፣ ዋሻውም የራሱ ቅዝቃዜ አለው። የሚበላ ነገር ከላሊበላ ይዛችሁ ውጡ። እኛ አክስቴ የያዙት በሶ ነው ያዳነን፣ እሱም ጾሙ እስኪፈታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጠብቆ። መጸዳጃውን ከላሊበላ ሳትነሱ ጨርሱ። ዓመታዊ በዓሉ ጥቅምት 19 ነው። ድምቀቱን ማየት የፈለገ ያን ቀን ይሂድ፤ ከኋላ ያሉትን በጸጥታ ማየት የፈለገ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ማታ ላሊበላ ስንመለስ ለእናቴ ደወልኩላት። "በልጅነትሽ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። ዝም አለች። "በአባቴ ጀርባ ታዝዬ" አለች። "ከኋላ ስንዞር ዓይኔን በእጁ ሸፈነኝ።"

ደሴ ስገባ ሰኞ ገበያ ሄጄ በግንባር የሚታሰር ባትሪ መብራት ገዛሁ። የመኪናዬ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ሱሪዬንም ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄዋለሁ።